ግድግዳ ካገኘሽ ወደ ቀኝ ዙሪ

ልጆቹ ያወጡላት ስም «ቀስበሉ» ነው። ፊት ለፊቷ ሲሆኑ ቲቸር፣ ዞር ስትል ቀስበሉ። ታውቃለች፤ አልከፋትም። በቀን መቶ ጊዜ «ቀስ በሉ» የሚል ሰው ሌላ ምን ስም ሊወጣለት ይችላል?

አስተማሪ እሆናለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። መስኮቱ የመንገደኛ ጫማ ብቻ በሚያሳይ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከአምስት ሴቶች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ ትመታ ነበር። ፍጥነቷ የተመሰከረለት ነው፤ ከጣቷ ስህተት አይወጣም። ምስጢሩን ሲጠይቋት «አላነብማ!» ትላለች እየሳቀች። እውነቷን ነው። ዓይኗ ፊደሉን ያያል፣ ጣቷ ይመታል፤ በመካከል እሷ የለችም። የሹመት ደብዳቤም ሆነ የሐዘን መግለጫ ለእሷ ያው ፊደል ነው። አንድ ቀን አለቃዋ አንድ ገጽ ረቂቅ ሰጣት። በአራት ደቂቃ መትታ፣ አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሰውዬው ወረቀቱን አላነሳም፤ ቆሞ ያያታል።

«አነበብሽው?» አላት።

ያኔ ነው ያነበበችው። የታይፒስቶች ክፍል መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር፤ ከስድስቱ ስሞች ሦስተኛው የእሷ ነው። የገዛ ስንብቷን አንድ ፊደል ሳትስት መትታዋለች።

ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ነው የምታወራው። ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ብቻዋን ስትሆን ግን አልፎ አልፎ ትዝ ይላትና ያንን አራት ደቂቃ የት ነበርኩ ብላ ራሷን ትጠይቃለች።

ከዚያ ኮምፒውተር ተማረች፣ ዞራ ዞራም አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። ልጆቹን የቁልፍ አመታት ስታስተምር ጥቂት ዓመት ከቆየች በኋላ፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ኮዲንግ ይሰጥ የሚል መመሪያ ከላይ ወረደ። መመሪያው ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ አብረው አልወረዱም። «ይመጣሉ» አለ ምክትል ርእሰ መምህሩ። ይህ ሰው ይመጣሉ ያላቸው ነገሮች በሙሉ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ያሉት አራት ኮምፒውተሮች ብቻ ሲሆኑ፣ አንደኛው ከመጮህ በስተቀር ሌላ ሥራ የለውም። ልጆቹ ደግሞ አርባ አንድ።

ምን ታድርግ? ኮዲንግ ማለት ለማሽን ሊሠራው የሚገባውን ነገር አንድ በአንድ፣ በተርታ መጻፍ ነው። ማሽን ከሌለ ሰው አለ። ልጆቹን በስምንት ቡድን ከፈለቻቸው። እያንዳንዱ ቡድን በካርድ ላይ ትእዛዝ ይጽፋል፣ እሷ አርማ በቀይ እስክሪብቶ ትፈርማለች፣ ከዚያ አንድ ልጅ ማሽን ይሆንና ካርዱን ይዞ ግቢ ውስጥ የተጻፈውን ይፈጽማል። «አምስት እርምጃ ወደ ፊት። ወደ ግራ ዙር። ድንጋዩን አንሳ።» ልጆቹ በደስታ አበዱ። ምክትሉ በመስኮት አይቶ «ኳስ ነው ወይስ ትምህርት?» አለ።

ችግሩ ልጅ ማሽን መሆን አለመቻሉ ነው። ይስቃል፣ ያካል፣ ጓደኛው ሲጠራው ይዞራል። ስለዚህ ሕግ አወጣች።

«ማሽን ጆሮ የለውም» አለቻቸው። «ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያየው። ጓደኛችሁ ቢጠራችሁ አትሰሙም። እኔ ራሴ ብጠራችሁ አትሰሙም።»

«ርእሰ መምህሩ ቢጠሩንስ ቲቸር?»

«ጭራሽ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ከኋላ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ «ጭጭ» ይሏታል፣ ምክንያቱም ድምጿን የሰማ የለም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። በወላጆች ቀን መጥታ ስለ ልጇ ዝምታ ሲነገራት «ዝም አይነቅዝም ቲቸር፤ ጨዋ ናት» ብላ በኩራት ነበር የመለሰችው።

ጭጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን የሆነች ቀን ግቢው ጸጥ አለ። እርምጃዋ ሁሉ እኩል ነው። ክንዷ አይወዛወዝም። ዓይኗ ካርዱን ያያል እንጂ ወዲያ ወዲህ አይልም። ዝንብ ግንባሯ ላይ አርፋ ወደ ዓይኗ ጠርዝ እስክትወርድ ድረስ እጇን አላነሳችም። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ መሳቅ ተዉ። ሁሌ የሚለፈልፈው ወፍራሙ ልጅ የቀስበሉን ቀሚስ ጎተት አድርጎ «ቲቸር፣ ትመለሳለች አይደል?» አላት።

«የት ሄደችና?» አለችው እየሳቀች።

እሷማ ደስ ብሏታል፤ ይህ ሊሸሸግ አይገባም። በልቧ «ይቺ የኔ ልጅ ናት» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽኗ ሁልጊዜ ጭጭ ሆነች። ሌሎቹም ተራ አልጠየቁም፤ ከእሷ በኋላ ማሽን ለመሆን ደስ የሚለው ልጅ ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ዕለት፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ልጆቹ ቸኩለዋል። የመጨረሻው ቡድን ካርዱን ሲያመጣላት እንደ ልማዷ ከላይ እስከ ታች አየችው። አንዲት የተንጋደደች ፊደል አቃናች፣ ፈረመች፣ ለጭጭ ሰጠቻት። ወዲያው ምክትሉ ስለ ኮምፒውተሮቹ ቅጽ ሙዪ ብሎ አስጠራት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደወል ሲደወል ግቢው እንደ ፈሰሰ ጥራጥሬ ተበተነ፤ ከአፍታ በኋላ አንድም ልጅ አልቀረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካርዶች እየሰበሰበች ሳለ የጭጭ እናት በሩ ላይ ቆመች። መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ቲቸር፣ ልጄን እዚህ አስቀርተዋት ነው?»

«ኧረ አላስቀረሁም። ቤት አልመጣችም?»

«አልመጣችም።»

ቀስበሉ ካርዶቹን ቆጠረች። ሰባት። እንደገና ቆጠረች፤ ያው ሰባት። ስምንተኛው የት እንደሆነ ገባትና ክው አለች። የሠለጠነ ዓይን ያየውን ፊደል አይረሳም፤ ያ ካርድ እንዳለ ፊቷ ላይ መጣ። የልጅ ጽሕፈት፣ ትልልቅ ፊደል፣ ራሷ ያቃናቻት ፊደል ሳትቀር።

አንድ፦ ወደ ፊት ሂጂ።
ሁለት፦ ግድግዳ ካገኘሽ ወደ ቀኝ ዙሪ።
ሦስት፦ ከአንድ ጀምረሽ ድገሚ።

አሁን ገና አነበበችው። ሁልጊዜ አራተኛ መስመር ይኖራል፤ «አሥር ጊዜ ከዞርሽ አቁሚ» የሚል ነገር። ልጆቹ ሲቸኩሉ ረስተውታል። እሷ ደግሞ ፊደል አርማ ፈርማበታለች።

«የት እንደሄደች አውቃለሁ» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። «አንቺ ቤት ሄደሽ ጠብቂ፤ ምናልባት ከመጣች። እኔ በዚህ በኩል እሄዳለሁ።»

ዘበኛው ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። «አዎ፣ አየኋት እንጂ» አሉ። «ከግድግዳው ጥግ መጣችና በበሩ ወጣች። ደህና ዋይ ልጄ ብላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ወረቀት ታነባለች። ጎበዝ ተማሪ ናት ብዬ ነው እኔ።»

በር ግድግዳ አይደለም። ክፍት በር ላይ የሚዞር ማሽን የለም። ቀስበሉ ከበሩ ቀጥ ብላ መንገዱን አቋረጠች፤ መኪና ጡሩምባ ነፋባት። ልጅቷም እዚሁ ቦታ ላይ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ አቋርጣለች ማለት ነው። ወዲያ ማዶ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ደረሰች። ወደ ቀኝ። ግድግዳውን ይዛ እስከ መጋዘኑ አጥር፤ እንደገና ወደ ቀኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ነገር ልብ አለች፦ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። ወደ ፊት ሂጂ፣ ግድግዳ ካገኘሽ፣ ወደ ቀኝ። አፏን በእጇ ያዘች።

ከመጋዘኑ ጥግ ላይ አንድ ጫማ ጠጋኝ ዕቃውን ሲሰበስብ አገኘችው። ጥያቄዋን ሳትጨርስ አቋረጣት።

«ወረቀት የያዘችው? እቴ እሷንማ ተዪኝ! ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በዚህ ትዞራለች። በዚህ ትመጣለች፣ እዚያ የቆመ የጭነት መኪና ነበር፣ እሱን በእጇ ነካ ታደርግና ትዞራለች። እንደገና ትመጣለች። ምን ጠፋብሽ ብላት መልስ የለም። ዳቦ ብሰጣት አላየችውም። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ፈራሁት።»

«አሁንስ የት አለች?»

ሰውዬው በጣቱ አሳያት። «መኪናው ሄደ። የሚያዞራት አጣችና ቀጥ ብላ ገባች።»

ጣቱ የሚያሳየው አንድ ያላለቀ ፎቅ ነው። በር የሚገጠምበት ቦታ ክፍት አፍ ብቻ ነው። «ሰው አለበት?» ብላ ጠየቀች። «ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ተጠንቀቂ እቴ፤ በጀርባው በኩል ግድግዳ የለውም፣ ለምድር ቤት የቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ውሃ ሞልቶታል» አላት።

ግድግዳ ከሌለ አትዞርም። ቀስበሉ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በሚያማት ጉልበቷ ሮጠች።

ውስጡ ሲሚንቶና እርጥብ እንጨት ይሸታል። ብርሃን እየሸሸ ነው። «የኔ ልጅ!» ብላ ጮኸች፤ ድምጿ ባዶ ክፍሎቹን ዞሮ ተመለሰባት። ከዚያ ሰማች፤ እርምጃ ነው፣ ሁሉም እኩል። ከእርምጃው ጋር አንዲት ቀጭን ድምፅ አለች። ዓመቱን ሙሉ ያልሰማችው ድምፅ ስለሆነ የማን እንደሆነ ለማወቅ አፍታ ወሰደባት።

«አንድ። ወደ ፊት ሂጂ።»

ጭጭ ከአንድ ክፍል ወጥታ ረጅሙ ኮሪደር ውስጥ ገባች። ፊቷ ግራጫ አቧራ ነው፤ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተታል። ካርዱን ፊቷ ድረስ አስጠግታለች፤ በዚያ ጨለማ ፊደሉ ይታያት አይታያት አይታወቅም። የኮሪደሩ መጨረሻ ክፍት ነው። ከክፍቱ ወዲያ የሚታየው የሰማዩ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ውሃ።

«አቁሚ! ልጄ፣ አቁሚ!»

ልጅቷ አልሰማችም። ማሽን ጆሮ የለውም፤ ማን እንዳስተማራት ይታወቃል።

ቀስበሉ በጎኗ አልፋ ሮጠችና በኮሪደሩ ጫፍ ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጥታ ቆመች። ተረከዟ ሥር ጠጠር ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ ሰማች። እርምጃው መጣ፣ መጣ፣ ትንሿ መዳፍ ሆዷን ነካች። ቀዝቃዛ ነበረች።

«ሁለት። ግድግዳ ካገኘሽ ወደ ቀኝ ዙሪ» አለች ጭጭ። ዞረች።

እንዳትሄድባት በሁለት እጇ አቀፈቻት። ልጅቷ አልታገለችም፣ አላለቀሰችም። በእቅፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞረች፤ ክንድ አገኘች። እንደገና ዞረች፤ ደረት አገኘች። እንደገና፣ እንደገና። ሁሉም ጎን ግድግዳ ነው። እንዲሁ ስትዞር፣ እንዲሁ ስታነበንብ፣ ቀስበሉ እያለቀሰች ያዘቻት። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። በእቅፏ ያለችው ልጅ ትሁን ሌላ ነገር እርግጠኛ አልነበረችም።

በመጨረሻ እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች። በአንድ እጇ ልጅቷን ይዛ፣ ካርዱን ከእጇ ሳትነጥቅ፣ ከሦስተኛው በታች አንድ መስመር ጻፈች።

ጭጭ አነበበች። «ሦስት። ከአንድ ጀምረሽ…» ቆም አለች። ካርዱን ይበልጥ አስጠጋች። «አራት። አቁሚ።»

ቆመች። ቀና ብላ አየቻት።

«ቲቸር፣ ጥሩ ሠራሁ?»

ቀስበሉ ጎንበስ ብላ የተፈታውን የጫማ ማሰሪያ አሰረችላት።

ቤት ስታደርሳት እናትየው ደጅ ቆማ ነበር። ልጇን አቅፋ ስትጨርስ ቀስበሉ አንዱንም ሳትደብቅ ነገረቻት። «ጥፋቱ የኔ ነው። መጨረሻ የሌለው ትእዛዝ ሰጠኋት፤ ሳላነብ ፈረምኩበት። ልጅሽን ልገድላት ነበር» አለች።

እናትየው የልጇን ፀጉር እየዳበሰች ፈገግ አለች። «እግዜር ያክብርልኝ ቲቸር፣ ይዘውልኝ መጡ። ልጄ እንግዲህ የተባለችውን ነው የምታደርገው፤ እንዲህ ነው ያሳደግኳት።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ጫማሽን አውልቂ። እጅሽን ታጠቢ። ተቀመጪ።»

ጭጭ ጫማዋን አወለቀች። እጇን ታጠበች። ተቀመጠች። ለሚቀጥለው ቃል ዓይኗን እናቷ ላይ ተክላ ጠበቀች። ቀስበሉ በዚያ ፎቅ ውስጥ ካየችው ሁሉ ይህ ነው የባሰባት። በእናትየው አልፈረደችም፤ እሷንም ያሳደጓት እንዲሁ ነው።

በማግስቱ ማሽን መሆን ቀርቷል ብላ ለክፍሉ ተናገረች። ለጭጭ ግን የቀረላት አልመሰለም። መጸዳጃ ቤቱ ከክፍሉ በስተግራ ነው፤ እሷ ወደ ቀኝ ወጥታ፣ ሕንፃውን ዞራ፣ በስተኋላ ትደርሳለች። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲሯሯጡ እሷ ግድግዳ ነካ፣ ዞር፤ ግድግዳ ነካ፣ ዞር። ልጆቹ ሸሿት። ወፍራሙ ልጅ ቀስበሉን ጓሮ ድረስ ተከትሏት መጥቶ «ጠይቄዎት ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልተመለሰችም።»

ቀስበሉ እንቅልፍ አጣች። አራተኛው መስመር እግሯን አቁሞታል፤ ሌላውን ያቁመው አያቁመው ማን ያውቃል? ልጅቷን «አትዙሪ» ብትላት አትዞርም፤ ያም ሌላ ትእዛዝ ነው። «ተጫወቺ» ብትላት ትጫወታለች፣ እስክትሞት ድረስ። ምን ብላ ብታዛት ነው ከመታዘዝ የምትወጣው? ስምንት ቀን ይህን ስታብሰለስል ከረመች፤ ምክትሉን ብታማክረው «ጊዜ ይፈታዋል» አላት፣ ኮምፒውተሮቹንም ሲጠብቅ እንዲሁ ነው የሚለው።

በዘጠነኛው ቀን ካርድ አወጣች። እያወቀች ያንኑ ሦስት መስመር ጻፈች። አራተኛ የለም። የግቢው በር እንዲዘጋ ዘበኛውን ለመነች፣ የክፍሉን በር ራሷ ቆለፈች፣ ቁልፉን ጨበጠች። ልጆቹ ሳይነገራቸው ዝም አሉ።

«ነይ የኔ ልጅ» አለቻት። «ማሽን ትሆኛለሽ።»

ጭጭ ተነሣች። በእነዚያ እኩል እርምጃዎች መጣችና ካርዱን ተቀበለች። ዓይኗ ያንን መልክ ሲይዝ ቀስበሉ አየች። ምነው ባላደረግኩት አለች። አሁን ወረቀቱን ልንጠቃት ብላ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ እጇን መልሳ ያዘችው።

ልጅቷ አንደኛውን መስመር አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛውን አነበበች። አንድ እግሯ ከወለሉ ተነሣ።

ወዲያው መልሳ አኖረችው። ካርዱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና ገለበጠችው።

«ቲቸር» አለች፤ አርባ ልጆች ድምጿን ያን ቀን ሰሙ። «መጨረሻ የለውም።»

«ቢሆንም እኔ ነኝ የፈረምኩበት» አለች ቀስበሉ በግድ። «ሂጂ።»

ጭጭ ረጅም ጊዜ ካርዱን አየች።

«አልሄድም።»

ከኋላ አንድ ልጅ «ውይ!» አለ። አስተማሪን እምቢ ያለ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም የቀስበሉን ፊት ጠበቁ። ቀስበሉ ግን እዚያው ያገኘችው ትንሽ የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጠችና በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ ፊቷን እንኳ ሳትሸፍን፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማንም ከቦታው አልተነሣም፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረም። ጭጭ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ማንም ሳያዛት መጥታ አጠገቧ ቆመች።